የገጠር መጠጥ ውሃና ፍሳሽ በሐይቅና በአምባሰል

በደቡብ ወሎ ዞን በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ የገጠር መጠጥ ውሃና የፍሳሽ አወጋገድ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይካሄዳል። ውሃው ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ተነሥቶ በቧንቧ ወደ መንደር ሊደርስ ይችላል፤ የፍሳሽ መስመር ግን አብሮ አይዘረጋም። በዚህም ምክንያት የውሃው ንጽሕና በየቤቱ ባለው መጸዳጃ አያያዝ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ስትሆን፣ ሁለቱም ከተሞች ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ።

የመሬቱ አቀማመጥ

አምባሰል ተራራማ ወረዳ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የውሃ ሥራ ዋጋ የሚወሰነው በርቀት ብቻ ሳይሆን ምንጩ ከመንደሩ በላይ ወይም በታች በመሆኑም ነው። ከመንደሩ በላይ የሚፈልቅ ምንጭ ያለ ሞተር በቁልቁለቱ ይወርዳል። ከበታች ያለው ግን በፓምፕ መገፋት ስላለበት የመብራት፣ የነዳጅ ወይም የፀሐይ ኃይል ወጪ ይጠይቃል።

ቁልቁለቱም የራሱ ችግር አለው። በቧንቧ ውስጥ የሚገኝ ውሃ በየ10 ሜትሩ ዝቅታ 1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። 100 ሜትር ዝቅ የሚል መስመር ቧንቧው በተዘጋ ጊዜ ከታች በኩል 10 ባር ያህል ይሸከማል። ስለዚህ መስመሩ እንዳይፈነዳ በመካከሉ የግፊት መቀነሻ ገንዳ ይሠራል።

የአቅርቦት ዓይነቶች

በኢትዮጵያ ገጠር በብዛት የሚታዩት የውሃ ተቋማት የሚከተሉት ናቸው።

• የጎለበተ ምንጭ፦ የምንጩ ዓይን በሲሚንቶ ይታነጻል፣ ዙሪያው ይታጠራል፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይም ይቆፈርለታል። ውሃው እዚያው ይቀዳል ወይም በቧንቧ ወደ ቦኖ ይሄዳል።
• የእጅ ጉድጓድ፦ በሰው ጉልበት ተቆፍሮ ይከደንና የእጅ ፓምፕ ይገጠምለታል።
• ጥልቅ ጉድጓድ፦ በማሽን ይቆፈራል። ውሃው በሞተር ወደ ማጠራቀሚያ ጋን ከወጣ በኋላ ለብዙ መንደሮች ይከፋፈላል።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ዕቅድ መለኪያ 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ነበር። በአዲሱ መለኪያ አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በቀን 125 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከስድስት ጊዜ በላይ መቅዳት ማለት ነው። ውሃ የመቅዳቱ ሥራ በአብዛኛው የሴቶችና የልጃገረዶች ስለሆነ፣ ርቀቱ በትምህርትና በጤና ላይ ጫና አለው።

አስተዳደርና ጥገና

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የገጠር ተጠቃሚዎች የማስኬጃና የጥገና ወጪ እንዲሸፍኑ ይላል። ገንዘቡን የሚሰበስበው ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት የውሃ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ከቆመ ወይም መለዋወጫ ከታጣ፣ በጥቂት ብር የሚጠገን ብልሽት ተቋሙን ሥራ ያስፈታዋል፤ ነዋሪውም ወደ ወንዝና ወዳልተጠበቀ ምንጭ ይመለሳል።

በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የገጠር ውሃ ፕሮግራም የግንባታውን ገንዘብ ለኅብረተሰቡ በቀጥታ የማስተላለፍ ዘዴ ተጠቅሟል። ገንዘቡ ያልፍ የነበረው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (በኋላ ፀደይ ባንክ) በኩል ሲሆን፣ ግዢውንና ግንባታውን ያስተዳድር የነበረው ኅብረተሰቡ የመረጠው ኮሚቴ ነበር።

ፍሳሽና የሐይቅ ተፋሰስ

የፍሳሽ መስመር ቆሻሻውን ገፍቶ የሚወስድ ብዙ ውሃ፣ የተጠጋጉ ቤቶችና ማጣሪያ ጣቢያ ያስፈልጉታል። ቤቶች በተራራቁበትና ውሃ በጄሪካን በሚቀዳበት ገጠር እነዚህ አይሟሉም። በኢትዮጵያ ዋናው የፍሳሽ መስመር የሚገኘው በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ትልቁ ማጣሪያውም ቃሊቲ ነው። በገጠር ቦታውን የሚተካው የጉድጓድ መጸዳጃ ነው። በተለመደው መመሪያ መሠረት መጸዳጃው ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከምንጭ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ መቆፈርም አይመከርም።

በተሁለደሬ ይህ ጥንቃቄ ተጨማሪ ምክንያት አለው። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሐይቅ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ወንዝ የለውም። ስለዚህ በጎርፍ የሚገባው ቆሻሻ በወንዝ ተጠርጎ አይወጣም።

በሐይቅ ከተማ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የአንጀት ቢልሃርዚያ ተገኝቷል። የትሉ እንቁላል በሰገራ ወደ ውሃ ይገባል፤ እጩ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና በውሃው የሚዋኙ፣ ልብስ የሚያጥቡ ወይም ውሃ የሚቀዱ ሰዎችን ቆዳ በስቶ ይገባል። ቦኖ መኖሩ ሰዎች ወደ ሐይቅና ወንዝ የሚወርዱበትን ጊዜ ይቀንሳል፤ የትሉን ዑደት የሚያቋርጠው ግን ሰገራው ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ነው።