ነፋስ ስልክና የአውሮፓ ሂሳብ

እኔ የምኖርበትን የነፋስ ስልክን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንጠራዋለን፤ ትርጉሙን ግን እምብዛም አናስብም። አባቶቻችን ሽቦ አልባውን ቴሌግራፍ የጠሩበት ስም ነው። ከዚህ ዝቅ ብሎ በአቃቂ ታላቁን የሬዲዮ ጣቢያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሠራው ደግሞ የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ ነበር።

ይኸው አንሳልዶ ከፊያት ጋር ሆኖ ትንንሾቹን የጣሊያን ታንኮች ይሠራ ነበር፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር በደምበጊና የማረካቸው እነዚህኑ ነው። ነገሩ ምፀት ብቻ አይደለም። የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት የጣሊያንን ባንኮች ባናጋ ጊዜ የፋሺስቱ መንግሥት በ1925 ዓ.ም. አንድ የኢንዱስትሪ መልሶ ማቋቋሚያ ተቋም መሥርቶ ባንኮቹ የያዟቸውን ፋብሪካዎች ተረከበ፤ አንሳልዶም በዚሁ ጥላ ሥር ገባ። ለእንዲህ ያለው ፋብሪካ ጦርነት ማለት ገበያ ነው።

ስለ ጄኔቭ ስናነሣ ሁልጊዜ «ክህደት» እንላለን። ክህደት መሆኑን አልክድም፤ ይሁንና ቃሉ ቁጣችንን እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። እንግሊዝና ፈረንሳይ በሚያዝያ 1927 ዓ.ም. ስትሬዛ ላይ ከሙሶሊኒ ጋር የተቀመጡት የሂትለርን መነሣት ፈርተው ነበር። ስለዚህ ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ ማዕቀቡ ሲጀመር ነዳጅ ዘይት ከዝርዝሩ ቀረ። የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ያልነበረችው አሜሪካ ዘይቷን መሸጧን እንደማታቆም የታወቀ ነበርና፣ ይህ ለማመንታት የተመቸ ሰበብ ሆነ። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የጣሊያን ወታደር የማለፊያውን ቀረጥ እየከፈለ ወደ ምፅዋ ተጓዘ። (የቦዩ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች በዚያ ዓመት አላዘኑም።)

የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ሂትለር ጦሩን ወደ ራይንላንድ አስገባ። ፓሪስ ከዚያ ወዲያ ስለ ዘይት ማዕቀብ መስማት አልፈለገችም። ማይጨው የተዋጋነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ተያዘች፣ ማዕቀቡም በሐምሌ ተነሣ።

ታዲያ በእኛ ደም የተገዛው ወዳጅነት ምን አስገኘ? በሐምሌ 1926 ዓ.ም. የናዚዎች ሤራ ኦስትሪያን ባሰጋ ጊዜ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ድንበሩ አስጠግቶ ነበር። በመጋቢት 1930 ዓ.ም. ሂትለር ቪየና ሲገባ ግን አንድ ሻለቃ እንኳ አላንቀሳቀሰም።