ከበግ ቆዳ እስከ ደብተር ቅጠል

(ለአዳዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርታዊ ንግግር የተጻፈ)

 

ዛሬ ወጋችንን ከቆሎ እንጀምር። በገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆሎ ትገዛላችሁ። ሻጯ ከአሮጌ ደብተር አንድ ቅጠል ትገነጥላለች። እንደ ጡሩንባ ትጠቀልለውና ቆሎውን ትሞላበታለች። እናንተም እየቆረጠማችሁ ትሄዳላችሁ። ቆሎው ሲያልቅ ወረቀቱን ትጥሉታላችሁ። ይህ የትናንቱ ነው።

ዛሬ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። ቆሎው ሲያልቅ ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ለካ የአንድ ተማሪ የሒሳብ ትምህርት ነው! «7 ሲደመር 8» ይላል። ማንም ሳይነግራችሁ አነበባችሁት።

ታዲያ ይህን ቅጠል ከመጣላችሁ በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። ይህ ወረቀት ከየት መጣ? ወረቀት ሳይኖር አባቶቻችን በምን ላይ ይጽፉ ነበር? እኛስ በእጃችን ልንሠራው እንችላለን? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው።

ገጹ ቆዳ ነበረ

በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ላይ ነበር። ብራና ማለት ለጽሕፈት የተዘጋጀ የእንስሳ ቆዳ ነው። የፍየል፣ የበግ፣ የጥጃም ቆዳ ብራና ይሆናል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በብራና የተጻፉ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ1,300 ዓመት በላይ እንደሆነ በሳይንስ ምርመራ ታውቋል። ያን ያህል ዘመን የቆየ መጽሐፍ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ሱሉልታ ያላችሁ አድማጮች፣ በእናንተ ከተማ የሚያልፈው የጎጃም መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ አቅጣጫ ይወስዳል። ደብረ ሊባኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ገዳም ነው። በእንዲህ ያሉ ገዳማት የብራና መጽሐፍ ይጻፍና ይጠበቅ ነበር። ስለዚህ የመጽሐፍ ታሪክ ከእናንተ ደጅ ሩቅ አይደለም።

ብራና እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ ቆዳው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ለስለስ ሲል በአራት ማዕዘን የእንጨት ማዕቀፍ ላይ በጠፍር ይወጠራል። እንደ ከበሮ ቆዳ መወጠር አለበት። ከዚያ ሥጋና ስቡ በስለት ይፋቃል። በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በሌላው በኩል ያለው ጠጉር ደግሞ ተላጭቶ ይነሳል። እጅ የሳተ እንደሆነ ቆዳው ይበሳል። የብዙ ቀን ድካም በአንድ ስሕተት ይበላሻል። በአሮጌ መጻሕፍት ላይ በክር የተሰፋ ቀዳዳ የሚታየው ለዚህ ነው። ቆዳው ውድ ስለሆነ አይጣልም፤ ይሰፋል እንጂ።

ቆዳው ሲያልቅ በልክ ይቆረጣል። ጸሐፊው በወስፌ ዳር ዳሩን ይወጋና በደነዘዘ ጫፍ መስመር ያሰምራል። ደብተራችሁ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር ዛሬ በመኪና ይታተማል። በዚያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ መስመር በእጅ ይሰመር ነበር።

ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ ተቀምሞ ለብዙ ጊዜ ይቀመጣል። ቀዩ ቀለም ለርእስና ለቅዱሳን ስም ነው። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ተጽፎ ሲያበቃ ቅጠሎቹ በክር ይሰፋሉ። ብዙ ጊዜ ከዋንዛ በተጠረበ ሳንቃ መካከል ይገባሉ። ሳንቃው ቆዳ ይለብሳል። መጽሐፉም ማኅደር በሚባል የቆዳ ከረጢት ይሰቀላል።

እስቲ አሁን የሒሳብ ትምህርታችንን እናስታውስ። አንድ የበግ ቆዳ ተከርክሞ 4 ቅጠል ሰጠን እንበል። 160 ቅጠል ላለው መጽሐፍ ስንት በግ ያስፈልጋል? 160 ለ4 ሲካፈል 40 ነው። አርባ በግ! አንድ መጽሐፍ ማለት አንድ ሙሉ መንጋ ነው። ድሀ ገበሬ መጽሐፍ እንዴት ይኖረዋል?

ያልተነበበ ጽሑፍ

ብራና ውድ በመሆኑ ጽሑፍ የጥቂቶች ሆነ። ብዙው ሰው ጽሑፍን የሚያውቀው ከሩቅ ነበር። ቢቀርበውም በክታብ መልክ ነው። ክታብ ጠባብ የብራና ጥቅልል ነው። አንዳንዱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራ ነበር። ሰው ከበሽታ እንዲጠብቀው ብሎ ጽሑፉን በቆዳ ሰፍቶ አንገቱ ላይ ያስራል። ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። ግን ውስጡ ምን እንደሚል አያውቅም። ማንበብ አልተማረማ!

ማንበብ ላልቻለ ሰው ጸሐፊ የሚያስፈራ ሰው ነበር። ጠንቋይ ይባል ነበር። ቆዳ ሠሪውም ፋቂ ተብሎ ይናቅ ነበር። ነገሩን አስተውሉ። መጽሐፉ ይከበራል፤ ይሳማል። ቆዳውን ያለፋው እጅ ግን ይናቃል። ይህ ትክክል ነው ትላላችሁ?

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስለዚህ ጉዳይ አዋጅ አስነገሩ። በአዋጁ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ሠሪው፣ ጸሐፊውም ሳይቀር በሥራው እንዳይሰደብ አዘዙ። አዋጅ ግን ልማድን በአንድ ቀን አይነቅልም። ስድቡ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ዛሬም የእጅ ሥራን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው አይጠፋም።

ክታቡ ቀረ ስንል ደግሞ ሌላ ያልተነበበ ጽሑፍ መጣ። ውል ነው፤ ደረሰኝ ነው፤ የመሬት ወረቀት ነው። አንባቢው ሌላ ሰው፣ አሻራ የሚያስቀምጠው ገበሬው። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ይጫናል። የፈረመው ምን እንደሆነ ግን በሰው አፍ ብቻ ይሰማል። ከእናንተ መካከል ይህ የደረሰበት ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ወረቀት ለማይችል ሰው ዕዳ ነው፤ ለሚያነብ ሰው ግን ምስክር ነው።

ወረቀት ከየት መጣ?

በግብፅ የጥንት ሰዎች ደንገል ከሚባለው ተክል መጻፊያ ይሠሩ ነበር። እኛ ዘንድ በጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው። ዛሬ የምናውቀው ወረቀት ግን የተገኘው በቻይና ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ105 ዓ.ም. ጻይ ሉን የሚባል የቤተ መንግሥት ሹም የወረቀት አሠራርን ለንጉሡ አቀረበ። ከምን ሠራው? ከዛፍ ልጥ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከአሮጌ የዓሣ መረብ። ሌላው የሚጥለውን ነገር ሰብስቦ ነው የሠራው።

ይህ ጥበብ ከቻይና ወደ ዓረብ አገሮች፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። መንገዱ 1,000 ዓመት ያህል ፈጀ። ወደ እኛም አገር ወረቀት በንግድ ገባ። በሐረር የእስልምና ሊቃውንት ከባሕር ማዶ በመጣ ወረቀት ላይ መጻሕፍት ይጽፉ ነበር። የሐረር መጽሐፍ ጠራዦችም በሥራቸው የታወቁ ነበሩ።

ቃላችን ራሱ ይህን ታሪክ ይነግረናል። ወረቀት የሚለው ቃል የመጣው ከዓረብኛ ነው። በዓረብኛ መነሻው ቅጠል ማለት ነው። እኛም የመጽሐፍ ቅጠል እንላለን አይደል? ደብተር የሚለውን ቃል ወደ ኋላ ብትከተሉት ደግሞ ግሪክ ትደርሳላችሁ። ትርጉሙም ቆዳ ነበር። እንግዲህ ደብተራችሁን በያዛችሁ ቁጥር ቆዳውም ቅጠሉም በስሙ ውስጥ አለ።

በ1914 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። ጋዜጣና መጽሐፍ በብዛት መታተም ጀመረ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ ተጀመረ። ትምህርቱ ቆይቶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። እናትና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ፊደል ቆጠሩ። ይህ ሁሉ በብራና ይቻል ነበር? አይቻልም። የአገሩ በግ ሁሉ ቢታረድ አይበቃም ነበር። ሕዝብ እንዲያነብ ወረቀት መርከስ ነበረበት።

ባሕር ዛፍና እኛ

ቡራዩ ያላችሁ አድማጮች፣ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከእንጦጦ ጀምሮ ያለው ተራራ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ስትቸገር አዳናት። እናቶቻችን ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ከተማውን አሞቁት።

በብራዚልና በፖርቱጋል ባሕር ዛፍ ተፈጭቶ ወረቀት ይሆናል። እኛ ዘንድ ለማገዶ፣ ለቤት ማገርና ለአጥር ይውላል። በወንጂ የወረቀት ፋብሪካ የተተከለው በ1960ዎቹ ነው። የእንጨት ጭቃው፣ ፐልፕ የሚባለው፣ በብዛት ከውጭ በምንዛሪ ሲገዛ ቆይቷል። ደብተር የሚወደደው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የተጻፈበት ወረቀት እንኳ ዋጋ አለው፤ ተመልሶ ወረቀት ይሆናልና።

በእጃችን እንሥራው

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የልጆቻችሁን ያለቀ ደብተር አውጡ። የሽቦ ስፌቱን ንቀሉ። ወረቀቱን እንደ ጎመን ቆራርጡት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪሆን ውቀጡት። ለምግብ በምትጠቀሙበት ሙቀጫ ግን አትውቀጡ፤ ቀለም አለበትና።

የተወቀጠውን በሰፊ ሳፋ ውሃ በጥብጡት። አራት እንጨት ገጥማችሁ ማዕቀፍ ሥሩ። በላዩ ላይ የወንፊት ሽቦ ወይም የአሮጌ አጎበር ጨርቅ ወጥሩ። ልብ በሉ፣ እንደ ብራናው ነው፤ እዚህም መወጠር አለ! ማዕቀፉን ወደ ሳፋው አጥልቁና አግድም አድርጋችሁ በቀስታ አንሱ። ውሃው ይወርዳል፤ ስስ ሽፋን ይቀራል። በጨርቅ ላይ ገልብጡት። በሌላ ጨርቅ ሸፍናችሁ በሳንቃና በድንጋይ ተጫኑት። ከዚያ አድርቁት። ወረቀት ሆነ!

ቀለም እንዳይሰራጭበት ትንሽ ስታርች ጨምሩበት። ወረቀት በተደጋጋሚ ሲወቀጥ ጭረቱ ያጥራል፤ ይደክማልም። ያን ጊዜ ቃጫ ይረዳል። ሰበታ ያላችሁ፣ መንገዱን ይዛችሁ ወደ ወሊሶ ብትወርዱ የእንሰት አገር ነው። ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ ተቆራርጦ ሲቀቀልና ሲወቀጥ ለወረቀቱ ጉልበት ይሰጠዋል።

ከዚህ ወረቀት ምን ይሠራል? ፖስታ፣ የበዓል ካርድ፣ የስጦታ ሣጥን፣ የወረቀት ዶቃ፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይሠራል። ማስታወሻውን እንደ አባቶቻችን በክር ስፉት። ያ የጥንት ሰንሰለት ስፌት ዛሬ በብዙ አገር የእጅ ሥራ ወዳዶች የሚማሩት ስፌት ነው። በ2017 ዓ.ም. ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። ስለዚህ የወረቀት ከረጢት መሥራት የሚችል ሰው ገበያ አያጣም።

ስለ ሰበታ ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። በሰበታ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ተማሪዎች የሚያነቡት በጣታቸው ነው። ጽሕፈቱ ብሬይል ይባላል። ወፍራም ወረቀት በሹል ብረት ከጀርባው ይወጋል፤ ፊቱ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ያብጣል። ሉዊ ብሬይል የሚባል ዓይነ ስውር ፈረንሳዊ ይህን ጽሕፈት በ1829 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲያሳትም ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። አውራ ጣታችንን ለአሻራ ብቻ ስንሰጥ በኖርንበት አገር፣ በጣቱ የሚያነብ ሰው አለ ማለት ነው። «አርጅቻለሁ፣ ትምህርት አይገባኝም» የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ ይህን አስቡ።

እንግዲህ ንግግራችንን እንቋጭ። ድሮ ገጹን የሠራው እጅ ብዙ ጊዜ አያነብም ነበር። የሚያነበውም ሠሪውን ይንቅ ነበር። እናንተ ግን ሁለቱንም መሆን ትችላላችሁ። በእጃችሁ በሠራችሁት ወረቀት ላይ መጀመሪያ የራሳችሁን ስም ጻፉ። ከስማችሁ በታች የአባትና የእናታችሁን ስም ጻፉ። አሻራቸውን ብቻ ትተው ያለፉ ብዙዎች ናቸውና። ማንኛውንም ወረቀት ደግሞ ሳታነቡ አትፈርሙ።

በሉ፣ ደኅና ሁኑ።

ተወያዩበት

1. ብራና ከምን ይሠራል? ለምንስ ውድ ሆነ?
2. የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ስለ እጅ ሠሪዎች ምን አለ? በእናንተ አካባቢ የእጅ ሥራ ዛሬ ይከበራል?
3. አንድ ቆዳ 4 ቅጠል ከሰጠ፣ 80 ቅጠል ላለው መጽሐፍ ስንት ቆዳ ያስፈልጋል?
4. ሳያነብ አሻራውን ያስቀመጠ ሰው ታውቃላችሁ? ምን ደረሰበት? ታሪኩን በአምስት መስመር ጻፉ።