ቻይኒዝ ታይፔይ በኦሎምፒክ

ቻይኒዝ ታይፔይ የታይዋን ስፖርተኞች በኦሎምፒክና በሌሎች ዓለም አቀፍ ውድድሮች የሚጠሩበት ስም ነው። ታይፔይ የታይዋን ዋና ከተማ ናት። ታይዋን ራሷን በይፋ የምትጠራው «የቻይና ሪፐብሊክ» ብላ ቢሆንም፣ በኦሎምፒክ በዚህም ሆነ «ታይዋን» በሚለው ስም መወዳደር አትችልም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውዝግቡ መነሻ

በ1949 ኮሚኒስቶች በቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ድል ሲያደርጉ የተሸነፈው መንግሥት ወደ ታይዋን ደሴት ሸሸ። በቤይጂንግ ደግሞ የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ተመሠረተ። ሁለቱም የመላው ቻይና ሕጋዊ መንግሥት ነን ይሉ ስለ ነበር፣ በኦሎምፒክ «ቻይና» ተብሎ የሚጠራው ማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ።

አበበ ቢቂላ ማራቶንን ባሸነፈበት የ1960 የሮም ኦሎምፒክ፣ የታይዋን ቡድን «ፎርሞሳ» በሚል ስም እንዲሰለፍ ተደረገ። ቡድኑም በመክፈቻው ሰልፍ ላይ ተቃውሞውን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ አለፈ። በዚያው ኦሎምፒክ ያንግ ቿንኳንግ በዴካትሎን የብር ሜዳሊያ አገኘ፤ ይህም ለታይዋን የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበር።

በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የቻይናን መቀመጫ ለቤይጂንግ ሰጠ። በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ አዘጋጇ ካናዳ ቡድኑ «የቻይና ሪፐብሊክ» ተብሎ እንዲወዳደር ስላልፈቀደች ታይዋን ራሷን አገለለች። ኢትዮጵያም በዚያ ኦሎምፒክ አልተወዳደረችም፤ ምክንያቷ ግን ሌላ ነበር፦ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ መጓዙን በመቃወም ነው።

የሎዛን ስምምነት

ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ1979 ስሙ «ቻይኒዝ ታይፔይ» እንዲሆን ወሰነ። የታይዋን ኦሎምፒክ ኮሚቴም በ1981 ሎዛን ላይ በተፈረመ ስምምነት ይህን ተቀበለ። ቡድኑ በዚህ ስም በኦሎምፒክ መወዳደር የጀመረው በ1984 ነው። በብሔራዊ ሰንደቅ ዓላማው ፈንታ የፕሪም አበባና የኦሎምፒክ ቀለበቶች ያሉበት ነጭ ሰንደቅ ይይዛል። ወርቅ ሲገኝም ብሔራዊ መዝሙሩ አይዘመርም።

ስሙ የቆየው ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው መንገድ ሊተረጉሙት ስለሚችሉ ነው። በቻይንኛ «ዦንግኋ» የቻይናን ሕዝብና ባህል ሲያመለክት፣ «ዦንግጉዎ» አገሪቱን ያመለክታል። ታይዋን የምትጠቀመው የመጀመሪያውን ነው። በ1989 የሁለቱ ወገን ኦሎምፒክ ኮሚቴዎች በዚሁ ቃል ላይ ተስማሙ።

የ2018 ሕዝበ ውሳኔ

በኅዳር 2018 የታይዋን መራጮች ለቶኪዮ ኦሎምፒክ «ታይዋን» በሚል ስም ይመልከት ወይስ አይመልከት ተብለው ተጠየቁ። ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ስሙን መቀየር የታይዋን ኦሎምፒክ ኮሚቴ ያለውን እውቅና ሊያሳጣው እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ከውድድር መታገድን የፈሩ ስፖርተኞችም ለውጡን ተቃወሙ። 55 በመቶ ያህሉ መራጭ «አይሆንም» በማለቱ ሐሳቡ ወደቀ።

ውጤት

የመጀመሪያዎቹን የወርቅ ሜዳሊያዎች በ2004 አቴንስ ላይ ቼን ሺሕሲን እና ቹ ሙየን በቴኳንዶ አስገኙ። በቶኪዮ ቡድኑ 2 ወርቅን ጨምሮ 12 ሜዳሊያዎችን አገኘ። ሊ ያንግ እና ዋንግ ቺሊን በባድሜንተን ጥንድ የወንዶች ፍጻሜ ቻይናን አሸንፈዋል፤ በ2024 ፓሪስ ላይም ድሉን ደግመውታል።