ዲፕሎማ ከተያዘ በኋላ የማይፈርስ ማኅበር

ዋሽንግተን የምትኖር የአንድ አባላችን ልጅ ለዘመድ ጥየቃ መጥታ ድንኳን ስንተክል ብታይ፣ «እዚያም እኮ እንደ ዕድር ያለ ነገር አለ» ብላ አጫወተችን። እኛም ጠይቀንና አንብበን ይህችን ጻፍን።

በአሜሪካ ኮሌጅ የሚማሩ ሴቶች «ሶሮሪቲ» የሚባል የእኅትማማች ማኅበር አላቸው። ጥቁር ሴቶች መጀመሪያ ያቋቋሙት አልፋ ካፓ አልፋ ሲሆን፣ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) በዋሽንግተኑ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1905 ዓ.ም. ደግሞ 22 ተማሪዎች ዴልታ ሲግማ ቴታ የሚባለውን አቋቁመው፣ በዚያው ዓመት ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰልፍ ወጡ።

የተማሪ ማኅበር ዲፕሎማ ሲያዝ ያበቃል ብለን ነበር። የእኛማ የክፍል ጓደኞች እንኳን ማኅበር ሊኖራቸው የት እንዳሉም አናውቅ! እነሱ ግን ተመርቀው ሥራ በያዙበት ከተማ የምሩቃን ቅርንጫፍ ይገባሉ፤ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላሉ።

መዋጮው ምን ሠራ ቢሉ፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ፣ የአልፋ ካፓ አልፋ ሴቶች ሚሲሲፒ ወደሚባል ድኃ አገር ዘመቱ። አሳቡን ያመነጩት አይዳ ጃክሰን የሚባሉ አስተማሪ ናቸው። ጓዱን የመሩት ዶክተር ዶሮቲ ፌረቢ ሐኪም ነበሩ። የጥጥ እርሻ ባለቤቶች ጭሰኞቻቸው ወደ ክሊኒክ እንዳይሄዱ ቢከለክሉ ጊዜ፣ ሴቶቹ መኪናቸውን ክሊኒክ አድርገው እርሻው ድረስ ሄዱላቸው። ሕፃናቱን ፈንጣጣና ዲፍቴሪያ ከተቡ። ይህን እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ በየክረምቱ ሠርተዋል። (በነገራችን ላይ ሐኪማችን መላኩ በያን ከሀዋርድ የተመረቁት በዚያው በ1927 ነው።)

እኛን የነካን ሌላ ነው። አባል ስትሞት እኅቶቿ ተሰብስበው የራሳቸውን የስንብት ሥርዓት ያደርጋሉ። የሞተችውንም «ከግንቡ ማዶ ያለች ሐረግ» ይሏታል። በ18 ዓመቷ የገባች በ80 ዓመቷም ብትሞት አትረሳም ማለት ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። ልጆቻችን ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው ይሄዳሉ፣ መዋጮውም እዚያው ይቀራል። መዝገባችን ላይ በእርሳስ «ሄዷል» የተባለው ስም በዝቷል። የጻፍነውም እኛው ነን፤ የጸሐፊነት ልማድ ሆኖብን። ደውለን የጠየቅነው ግን አልነበረም። ባለፈው ወር ለአንዱ ደወልን። «የአባቴን ስም ሰረዛችሁት እንዴ?» አለን ደንግጦ። በሳምንቱ ውዝፉን በልጁ እጅ ላከ፤ እርሳሱን በላጲስ አጠፋነው።