ሰሚ ያላገኘ ንግግር

ፒያሳ ላደጋችሁ «እሪ በከንቱ» የሰፈር ስም ነው። ቃሉን ብቻ ከወሰድነው ግን ሰሚ የሌለው ጩኸት ማለት ነው። ንግግርም ጆሮ ካላገኘ ያው እሪ በከንቱ ነው።

ለዚህ ነው የጥንት ሮማውያን ለንግግር መክፈቻ ለብቻው ስም ያወጡለት፤ ኤክሶርዲየም ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከሽመና ነው። ሸማኔ ማጉን ከመወርወሩ በፊት ድሩን ይዘረጋል አይደል? እንደዚያ ነው። ሲሴሮ የመክፈቻን ሥራ ሦስት ያደርገዋል፦ ሰሚው ተናጋሪውን እንዲወደው፣ ልብ ብሎ እንዲያዳምጥ፣ ነገሩን ለመቀበል እንዲዘጋጅ።

የእኛ ሰው ይሄን ላቲን ሳይማር ያውቀው ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ከዚያ «አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!» ይባላል። እዩት እንግዲህ፣ ጆሮ ይጠራል፣ እዚያው ደግሞ ሰሚውን መልእክተኛ ያደርገዋል። ሬድዮ ባልነበረበት አገር አዋጅ የሚዳረሰው በዚህ ነው።

አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ በጠላት አልጀመሩም። መጀመሪያ እግዚአብሔር እስካሁን እንዳኖራቸው፣ ሞትም የሁሉ ነውና ስለራሳቸው ሞት እንደማያዝኑ ተናገሩ። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ጠላት የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውን ለጦር ከመጥራታቸው በፊት የራሳቸውን ሞት አስቀደሙ። ድር መዘርጋት ማለት ይሄ ነው።

ዛሬ ስብሰባው ሁሉ «ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብሎ ይጀምራል። የተጠበቀው የባለሥልጣን ክብር ነው፤ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ግን ማንም አልጠራውም።

ልጆች፣ ማይክ ስትይዙ አስቀድማችሁ «ይሄ ሰው ለምን ይስማኝ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።