በካትሪና ስም የተለመነ ገንዘብ

አገር ቤት ድርቅ ወይም ጎርፍ ደረሰ በተባለ ቁጥር እጃችን ወደ ኪሳችን መሄዱ የታወቀ ነው፡፡ በእድር ሲሆን ገንዘብ ያዡን ከነቤቱ እናውቀዋለን፡፡ በኮምፒዩተርና በስልክ የሚለምነንን ግን ማን ያውቀዋል? ለዚህ ጥያቄ ከ20 ዓመት በፊት እዚሁ አሜሪካ የሆነውን ማስታወስ ይበጃል፡፡

ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኦገስት 29 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. የሉዊዚያናንና የሚሲሲፒን ጠረፍ መታ፡፡ የኒው ኦርሊንስ የጎርፍ መከላከያዎች ተደርምሰው ከከተማይቱ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተዋጠ፡፡ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚጣራውን ሕዝብ ዓለም በቴሌቪዥን አየ፣ አዘነም፡፡ ሌቦችም ያንኑ ያዩ ነበር፡፡

አንድ የፍሎሪዳ ሰው «ኤር ካትሪና» የሚል ድረ ገጽ ከፍቶ፣ በአውሮፕላን መድኃኒት እያደረሰ በጠና የታመሙ ሕፃናትን እንደሚያወጣ ጻፈ፡፡ በሁለት ቀን ውስጥ 48 ሰዎች ወደ 40,000 ዶላር ላኩለት፡፡ ነገሩ ሲጣራ በረራ የሚባል ነገር አልነበረም፡፡

ከዚህ የባሰው ግን በቴክሳስ የሆነው ነው፡፡ ሁለት ወንድማማቾች የሳልቬሽን አርሚን ስም በሚመስል አድራሻ ድረ ገጽ ከፍተው ከ48,000 ዶላር በላይ ሰበሰቡ፡፡ በ2007 ጥፋተኛ ተብለው ረዥም እስራት ተፈረደባቸው፡፡ የባሰ ያልኩት በገንዘቡ ብዛት አይደለም፡፡ እዚህ የተያዘው «የማላውቀው ድርጅት አልሰጥም፣ ይህን ግን ስሙን አውቀዋለሁ» ያለው ጠንቃቃ ሰው ነውና፡፡

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም በሴፕቴምበር 2005 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከታተል ግብረ ኃይል አቋቋመ፡፡

እርግጥ ስሙ እውነተኛ ሲሆንም ጥያቄው አያልቅም፡፡ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ቀይ መስቀል በተጎጂዎች ስም ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ፣ ከፊሉን ለወደፊት ችግር ለማቆየት አሰበ፡፡ ስርቆት አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን የሰጠው ለዚያ አልነበረምና ተቆጣ፡፡ ጉዳዩ ምክር ቤት ደረሰ፣ ፕሬዚዳንቷም ለቀቁ፣ ድርጅቱም በኖቬምበር ገንዘቡን ሁሉ ለተጎጂዎች ለማዋል ቃል ገባ፡፡ እንግዲህ «ማን ነው?» ከማለት ሌላ «ለምን ሊያውለው ነው?» ማለትም የሰጪው መብት ነው፡፡

አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቅጽ 990 የሚባል ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያቀርባሉ፤ ማንም በነፃ ሊያየው ይችላል፡፡ እንግሊዝ አገር ያለ ደግሞ የቻሪቲ ኮሚሽንን መዝገብ ይመልከት፡፡ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ግን ቅጽ 990 እንዲሞሉ አይገደዱም፤ ከመዝገቡ አለመገኘታቸው ብቻውን አያስወቅሳቸውም፡፡ እንዲህ ሲሆን ሰብሳቢ ኮሚቴውን በአካል ጠይቆ ደረሰኝ መቀበል ነው፡፡

እንደ ጎፈንድሚ ባሉት ላይ በግለሰብ ስም የሚከፈት መዋጮ ደግሞ መዝገብም ቅጽም የለውም፡፡ ገንዘቡን የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ አገር ቤት የሚረከበው ማን እንደሆነ ሳያፍሩ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡ በስልክ የተላከልዎትን መግቢያ ተጭነው ከመክፈል ይልቅም የድርጅቱን አድራሻ ራስዎ ፈልገው ይግቡ፡፡ የቴክሳሶቹ ወንድማማቾች ወጥመድ እዚያ ላይ ይከሽፍ ነበር፡፡