ጅማን ይጠብቅ የነበረው ብርድ

ጅሬን ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቁልቁል ሲያዩ ጅማ ከነዛፎቿ ትታያለች። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ታች የሂርማታ ገበያ ነበር። የዚያን ዘመን ታሪክ ስናወራ ንጉሡንና ነጋዴውን እንጂ ብርዱን ማንም አያነሳም። ብርዱ ግን ቡናውን ይጠብቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡና ፍሬ በስታ ውስጡ እንቁላል የምትጥል፣ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ጥንዚዛ አለች። ልጆቿ ቡናውን ከውስጥ ይበሉታል። እኔ ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ እድገቷን እንደ ቆጣሪ ነው የማየው፦ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ይቆጥራል፤ ሲወርድ ይቆማል። ቁጥሩ ሲሞላ አንድ ትውልድ ተጠናቀቀ ማለት ነው። በ2009 የታተመ ጥናት የጅማን ሙቀት በዚህ መንገድ አሰላው። እስከ 1984 ድረስ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ወይም ሁለት ይሞላል።

ማና ያለው አጎቴ ጥናቱን አላነበበም። እሸት ቡና ቆርጦ ጫፉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ አሳየኝና «ድሮ ይቺን አናውቃትም» አለኝ።

ማን አሞቀው? ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተቃጠለው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ፣ የተመነጠረውም ደን። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 ገደማ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል፤ ምድር ወደ ላይ የምትመልሰውን ሙቀት ይይዘዋል። በዚህ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ አንድ በመቶ አይሞላም። አጎቴማ መኪና እንኳ የለውም።

በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ምንም ካልተደረገ፣ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና ላይመች እንደሚችል ይገምታል። ከፍ ያሉ ቦታዎች ግን አዲስ የቡና መሬት ሊሆኑ ይችላሉ ይላል። የጥላ ዛፍ መጠበቅ ይረዳል፤ የረገፈና ዛፍ ላይ የቀረ ፍሬን መልቀምም ጥንዚዛዋን ይቀንሳል። ጎረቤቱ ግን ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል።

ይህን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ቡናው ወደ ደጋው መውጣት አለበት ነው የሚሉት» አልኩት።

«ቡናውስ ይውጣ» አለኝ። «መሬቴን ማን ያወጣልኛል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።